አርባ በመቶው ከየት መጣ? ስለ ሥራ አጥነት ቁጥር ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኢትዮጵያ ሥራ አጥነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በይፋ የሚነገረው የ8 በመቶ ሥራ አጥነት ቅጥፈት ነው፤ እውነተኛው ከ40 በመቶ በላይ ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ዓመት ሁለት የማይጣጣሙ ቁጥሮች አውጥቷል። ሊስትሮውንና የጉሊት ቸርቻሪዋን ሳይቀር ሠራተኛ እያለ ይቆጥራል። ዓለም አቀፍ ተቋማት ደግሞ ከእሱ የተለየ ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ጥቂት ቤቶችን አንኳኩቶ ስለ አገር መናገር ይቅርና በየቀበሌው የተመዘገበው ሥራ ፈላጊ ተደምሮ ይነገረን።

ጽሑፉ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጇ ዲግሪውን ይዞ ዓመታት ቤት የተቀመጠባት እናት 8 በመቶ የሚባል ነገር ስትሰማ የተላገዱባት ይመስላታል። ንዴቱን እጋራለሁ። ስሌቱን ግን አልጋራም፤ ምክንያቱም ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። በዚህ የተሳሳተ ስሌት ላይ ጩኸት በበዛ ቁጥር ደግሞ ከ8 በመቶው ጀርባ ያለው ትልቁ ችግር፣ ሥራ እያላቸው ከድህነት ያልወጡት ሰዎች ጉዳይ፣ ይበልጥ እየተሸፈነ ይሄዳል።

ከመቶ ሲቀነስ

የጽሑፉ ምሰሶ 40 በመቶው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ጸሐፊው በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናት ሪፖርት ውስጥ ሥራ ላይ ያለው ሕዝብ 59.5 በመቶ መሆኑን አይተዋል። ከመቶ ቀነሱት፤ 40.5 ቀረ። የቀረውን ሥራ አጥ አሉት።

መቀነሱ ልክ ነው፤ ስሙ ግን አይደለም። 59.5 በመቶ ማለት ጥናቱ በሚያየው የዕድሜ ክልል ካለው ሕዝብ ሁሉ ውስጥ ሥራ ያለው ድርሻ ነው። በቀረው 40.5 ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ ጡረተኛ አለ፤ አራስ አለች፤ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ አለ፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት አሉ። በአገራችን የሠራተኛ ኃይል ጥናቶች ለረጅም ጊዜ መነሻ የነበረው ዕድሜ 10 ዓመት መሆኑን ካስታወስን ደግሞ የአራተኛ ክፍል ተማሪም አይቀርም። ጸሐፊው እነዚህን ሁሉ ሥራ አጥ አድርገዋቸዋል። ሴት አያታቸውንም ጭምር።

የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚሰላው ከሕዝቡ ሁሉ አይደለም። ከሠራተኛው ኃይል ነው፤ ማለትም ሥራ ካለውና ሥራ ሳይኖረው ለመሥራት ዝግጁ ከሆነው ሰው ድምር። እስኪ መቶ ሰው እንውሰድ። በዚያው ጥናት መሠረት ከመቶው 64.7 ያህሉ በሠራተኛው ኃይል ውስጥ ናቸው። ከእነዚህ 59.5ቱ ሥራ ላይ ናቸው። ልዩነቱ 5.2 ነው፤ ሥራ አጦቹም እነዚሁ ናቸው። 5.2ን ለ64.7 ስናካፍል 8 በመቶ ይመጣል። ጸሐፊው ቅጥፈት ያሉት ቁጥር የተገኘው እሳቸው ራሳቸው ከጠቀሱት 59.5 ነው። የተደበቀ ቀመር የለበትም፤ በስልክ ላይ ባለ ማስሊያ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል።

ቀሪው 35.3 ከሠራተኛው ኃይል ውጭ ነው። ጸሐፊው ሊጠይቁ የሚገባ ጥያቄ ቢፈልጉ ኖሮ እዚህ ላይ ያገኙት ነበር። ከዚያ በፊት በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በሠራተኛው ኃይል ውስጥ የነበረው ድርሻ 79.8 በመቶ ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ 15 ነጥብ ወረደ። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ከፊሉ ልጆች ትምህርት ቤት መቆየታቸው ሊሆን ይችላል፤ ያ መልካም ነው። ከፊሉ ለራስ ፍጆታ የሚሠራ ሥራ እንዴት እንደተቆጠረ የሚመለከት ሊሆን ይችላል። ከፊሉ ደግሞ ፈልጎ ፈልጎ የታከተው ሰው፣ በተለይም ሴቶች፣ ከገበያው መውጣታቸው ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለይቶ እንዲያስረዳ መሥሪያ ቤቱን መወጠር ይቻላል። አያትን ሥራ አጥ ብሎ በመደመር ግን እዚያ አይደረስም።

ሁለቱ 2013ዎች

ሁለተኛው ክስ ፈገግ ያሰኛል። ጸሐፊው መሥሪያ ቤቱ ለ2013 አንድ ጊዜ 4.5 በመቶ፣ ሌላ ጊዜ 8 በመቶ ብሎ አውጥቷል፤ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ነው ይላሉ።

ሁለቱም ቁጥሮች በእርግጥ አሉ። ሁለቱም 2013 ይላሉ። አንዱ 2013 ግን የእኛ ነው፤ ሌላው የፈረንጆቹ። 4.5 በመቶ የተገኘበት ጥናት የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ዓመቱን 2013 ይለዋል። 8 በመቶ የተገኘበት ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው ሲሆን በእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ 2021 ተብሎ ተጽፏል። በመካከላቸው ስምንት ዓመት፣ የመንግሥት ለውጥ፣ ኮሮናና ጦርነት አለ።

ስህተቱ የብዙ ሰው ስህተት ስለሆነ ጸሐፊውን በዚህ ብቻ አላሳጣቸውም። ነገር ግን ዓመቱ ሲስተካከል ክሱ ራሱ ይገለበጣል። ያኔ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሆነው ይህ ተቋም ሥራ አጥነት ከ4.5 ወደ 8 በመቶ ወጣ ብሎ ያወጣው ራሱ ነው። ለመንግሥት ደስታ ቁጥር የሚፈበርክ መሥሪያ ቤት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ጭማሪ አይፈበርክም።

አንድ ቤት ገብተን እንይ

ጸሐፊው ከሁሉ የበለጠ የተናደዱበት ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ድንች በመደብ የምትሸጠው ሴት ሠራተኛ ተብለው መቆጠራቸው ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሹ እንዳይባክን ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ዓለም አቀፉ መለኪያ ጥብቅ ነው፤ ጨካኝም ነው። ባለፉት 7 ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ይህ ለኢትዮጵያ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ አሜሪካም ጀርመንም በዚሁ መንገድ ነው የሚቆጥሩት። መለኪያው አንድ ጠባብ ጥያቄ እንዲመልስ የተሠራ ነው፦ በዚያ ሳምንት ምንም ዓይነት ሥራ ያጣው፣ ሥራ ሲፈልግና ለመሥራት ዝግጁ የነበረው ማን ነው? ሥራው ጥሩ ነው ወይ፣ ክፍያው ያኖራል ወይ፣ ለተማረው ሰው ይመጥናል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

መረጃ ሰብሳቢዋ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ገባች እንበል። ቤቱ ውስጥ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ አጎትና የቤት ሠራተኛ አሉ። እናትየው፣ እኔ ሥራ የለኝም፤ የቤት እመቤት ነኝ ይላሉ። ጠያቂዋ ግን በዚህ አትመለስም። ባለፉት 7 ቀናት ለሽያጭ እንጀራ ጋግረዋል? ጠላ ጠምቀዋል? ጥጥ ፈትለው ሸጠዋል? እያለች ትዘረዝራለች። እናትየው ለጎረቤት ሆቴል በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሥራ ብለው ግን አስበውት አያውቁም። ሥራ አላቸው ተብሎ ይመዘገባል። ያንኑ እንጀራ ለቤታቸው ብቻ ቢጋግሩት ኖሮ ጭሱ ያው ጭስ ቢሆንም ሥራ አይባልም ነበር። መለኪያው በሴቶች ላይ ከባድ የሚሆነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ትልቁ ልጅ በሒሳብ አያያዝ ተመርቋል። ሥራ የለውም። ሐሙስ ዕለት ግን ሰፈር ውስጥ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጥቶ ግማሽ ቀን አራግፏል፤ ተከፍሎታል። ሠራተኛ ነው። መኪናው በሚቀጥለው ሳምንት ቢመጣ ኖሮ ሥራ አጥ ይሆን ነበር። ጸሐፊው ይህን ቢያዩ ጠረጴዛ ይመቱ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው እመታለሁ። ታናሽ እህቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀች ነው፤ ከሠራተኛው ኃይል ውጭ ናት። አጎትየው ቀበሌ ሄደው ሥራ ፈላጊ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ሌሊት ግን የአንድ ግንባታ ዘበኛ ናቸው። ሠራተኛ ናቸው።

የቤት ሠራተኛዋ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የመጨረሻውን ሳህን አጥባ ነው የምትተኛው። ሰባቱንም ቀን። እሷን ጥናቱ ሠራተኛ ማለቱ ስህተት ነው የሚል ሰው ካለ ይነሣ። የእሷ ችግር ሥራ ማጣት አይደለም። የሥራዋ ሰዓት ገደብ የለውም፤ ደመወዟን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ ዕረፍት የሚባል ነገር አታውቅም። ሥራ አጥ ናት ብንላት ችግሯን ሰረዝነው እንጂ አልተናገርንላትም።

ከዚህ ቤት አምስት ሰዎች ሥራ አጥ የተባለ አንድም አልተገኘም። ቤቱ ግን የተቸገረ ቤት ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ቁጥሩ ውሸት ነው ይላሉ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይሉታል ይህንን። ቁጥሩ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ችግሩ ያለው እኛ አንዱን ቁጥር ብቻ ይዘን የኑሮ ሁሉ መለኪያ እንዲሆን መፈለጋችን ላይ ነው። መንግሥትም ቁጥሩ ሲወርድ እንደ ድል ያውጀዋል፤ ተቃዋሚው ሲወርድ ውሸት፣ ሲወጣ እውነት ይለዋል። ሁለቱም የሚያጠፉት ያንኑ ጥፋት ነው።

ሲሚንቶ ያራገፈውን ልጅና ከጠዋት እስከ ማታ ባንክ የሚውለውን የዕድሜ እኩያውን በአንድ ዓምድ ውስጥ ማስገባት እንደማይበቃ የሙያው ሰዎች ካወቁት ቆይተዋል። በጄኔቫ በ2013 (ይኸኛው የፈረንጆቹ ነው፤ ከወዲሁ ልናገር) የተካሄደው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ከሥራ አጥነት ምጣኔ ጎን ሌሎች መለኪያዎች እንዲወጡ ወስኗል። አንዱ ሥራ እያለው ሰዓቱ ያነሰበትንና ተጨማሪ ለመሥራት የሚፈልገውን ሰው ይጨምራል። ሌላው ሥራ ቢያገኝ የሚሠራውን ግን መፈለግ ያቆመውን፣ ወይም እየፈለገ ለጊዜው ዝግጁ ያልሆነውን ይጨምራል። የመጨረሻው ሁሉንም ይደምራል። የሲሚንቶው ልጅ በዋናው ምጣኔ ባይገኝ ሰዓቱ ያነሰበትን በሚጨምረው ይገኛል። አሜሪካ ከዋናው ምጣኔ ጎን ሰፋ ያለውን በየወሩ ታወጣለች፤ ሁልጊዜም ከዋናው በእጅጉ ይበልጣል፤ የዋናውን ቁጥር ሐሰተኛነት ግን አያሳይም።

ያው ጉባኤ ሌላም ነገር ወስኗል፤ ለእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በዋናነት ለቤተሰቡ ቀለብ የሚያርስ ገበሬ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን «ሥራ ያለው» በሚለው የሥራ ገበያ ዓምድ አይገባም። አብዛኛው ሕዝቧ ከመሬት በሚኖርባት አገር ይህን ደንብ ተግባራዊ ማድረግና አለማድረግ ቁጥሩን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል። ሁለት ዘመን የሚያነጻጽር ሰው መጀመሪያ ገበሬው የት እንደተቀመጠ ማየት አለበት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያመጡትን ንጽጽርም ላንሣ፤ ከሌላ አገር ጋር ሲያነጻጽሩን የእኛ 8 በመቶ ማነሱን ማስመሰያ ይሉታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሥራ አጥነት ከ30 በመቶ በላይ ነው። በሀብት ግን ከእኛ እጅግ ትበልጣለች። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ያጣ ሰው የሚከፈለው የመንግሥት አበል የለም። ዘመድ የማይደግፈው ሰው ሥራ አጥ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ወይ ጫማ ይጠርጋል፣ ወይ ማስቲካ ያዞራል፣ ወይ ዕቃ ይሸከማል። ሥራ አጥ ሆኖ መጠበቅ የሚችለው ቤት ያለው፣ ምሳ የሚያቀርብለት ቤተሰብ ያለው ነው። ስለዚህ በድሃ አገር ዝቅተኛ ምጣኔ የጤንነት ምልክት ላይሆን ይችላል። ይህን እኔም እላለሁ። ይህ ግን ጸሐፊው ካሉት የተለየ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ተዋሽቶ ሳይሆን ድህነት ሰዉን ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ስለጣለው ነው።

ስለ ዓለም ባንክ ቁጥር

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ጸሐፊው የዓለም ባንክ ሠንጠረዥ ውስጥ የኢትዮጵያ ሥራ አጥነት ከ4 በመቶ በታች መሆኑን አይተው፣ መንግሥት 8 ሲል ባንኩ 4 ካለ ማንን እንመን ብለዋል። ባንኩ ቤት እያንኳኳ አልጠየቀም። ቁጥሩ የዓለም ሥራ ድርጅት ከየአገሩ ጥናቶች ተነሥቶ በስሌት የሚገምተው ነው፤ አገሮች እርስ በርስ እንዲነጻጸሩ ሲባልም ጥብቁን ትርጉም ይከተላል፤ ሥራ አጥ ለመባል ሥራ በንቃት መፈለግን ይጠይቃል። የእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለብዙ ዓመታት የላላውን ትርጉም ሲጠቀም ቆይቷል፤ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ቢገኝ ለመሥራት ዝግጁ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት ቢያቆምም፣ ሥራ አጥ ነው። ትርጉሙ ሰፊ ስለሆነ ቁጥሩም ይበልጣል። ይፋዊውን ቁጥር አሳንሷል ተብሎ የተከሰሰው ወገን ከፍተኛውን ትርጉም የመረጠ ሆኖ መገኘቱ ጸሐፊውን ባስገረማቸው ነበር፤ ቢያነቡት ኖሮ።

በዙሪያዬ የማየው ሌላ ነው

ጸሐፊው ሰፈራቸውን ቆጥረዋል። ከአሥር ወጣት ሦስትና አራቱ ቤት ተቀምጧል ይላሉ። አምናቸዋለሁ። የሚኖሩት ከተማ ነውና።

8 በመቶው የአገር አማካይ ነው። በዚያው ጥናት ከተማ 18.7፣ ገጠር 5.2 በመቶ ነው። በከተማም ቢሆን አማካዩ ብዙ ይሸፍናል፤ በ2010 ዓ.ም. የከተማ ጥናት አጠቃላዩ ሥራ አጥነት 19.1 ሲሆን የወንዶች 12.2፣ የሴቶች ደግሞ 26.4 በመቶ ነበር። ከአራት የከተማ ሴት ሠራተኛ ኃይል አንዷ ማለት ነው። ጸሐፊው ስለ ወጣቱ ሲጽፉ ሴቷን አንድም ጊዜ አላነሧትም፤ ለመከራከሪያ የሚሆናቸው ከባዱ ቁጥር ግን እሷ ጋ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ከከተማው 18.7፣ ከገጠሩ 5.2 እና ከአማካዩ 8 ተነሥቶ ማስላት ይቻላል፤ ከአገሪቱ ሠራተኛ ኃይል ከተማ ውስጥ ያለው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ይህ ድርሻ ማደጉ አይቀርም። አንድ ወጣት ከገጠር ተነሥቶ ከተማ ሲገባ፣ በአባቱ እርሻ ላይ ጥቂት ሰዓት ቢሠራም ሠራተኛ ተብሎ ከሚቆጠርበት ቤት ወጥቶ ሥራ የማጣት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ወደሚበልጥበት ቦታ ይሸጋገራል። ስለዚህ በከተማም በገጠርም አንዳች ነገር ሳይበላሽ የአገሩ አማካይ እያደር ሊወጣ ይችላል። በሚቀጥለው ጥናት ቁጥሩ 9 ወይም 10 ቢሆን ይህን የማያውቅ ሰው ሌላ የቁጣ ጽሑፍ መጻፉ አይቀርም።

ጥቂት ቤት አንኳኩቶ

በናሙና ስለ አገር መናገር አይቻልም የሚለውን ለመመለስ ብዙ ቀለም አያስፈልግም። አሜሪካ በየወሩ 60,000 ያህል ቤተሰቦችን ጠይቃ ነው ከ330 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስላላት አገር ሥራ አጥነት የምትናገረው። ናሙናው በአግባቡ በዕጣ ከተመረጠ ይበቃል። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ስህተት ሲያገኝም ይናገራል። በኮሮና ጊዜ የአሜሪካው የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020ን ሥራ አጥነት 14.7 በመቶ ብሎ ባወጣ ጊዜ አንዳንድ ጠያቂዎች መልሱን በተሳሳተ ዓምድ እንዳስገቡና ቢታረም ቁጥሩ ወደ 5 ነጥብ ሊጨምር እንደሚችል በዚያው ዕለት አስታውቋል።

ጸሐፊው ጥናቱን መውቀስ ከፈለጉ እውነተኛ ድክመቶች ነበሩለት፤ አንዱንም አልነኩም። የ2013 ዓ.ም. ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አላካተተም። አገር አቀፍ የሚባለው ቁጥር አንድ ክልል ሙሉ፣ ያውም በዚያ ሰዓት ሥራና ሀብት እየወደመበት ያለው፣ የለበትም። ሁለተኛ፣ ከናሙናው ወደ አገር የሚሰላው በሕዝብ ብዛት ግምት ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደግሞ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሥራ ፈላጊ ሆኗል። ሦስተኛ፣ አገር አቀፍ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የተካሄደው በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ነው። በመካከል የከተማ ጥናቶች ቢኖሩም፣ ገጠሩን የሚያይ ሰው በየስድስትና በየስምንት ዓመቱ ነው የሚያየው። ብዙ አገሮች በየወሩና በየሩብ ዓመቱ የሚለኩትን እኛ በትውልድ እየለካን ነው። ቁጥር መደበቅ የሚፈልግ መንግሥት ቢኖር ሐሰተኛ ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ ጥናቱን ማዘግየት ይቀለዋል። ጸሐፊው በዚህ በር ቢገቡ ኖሮ እኔም ከኋላቸው እቆም ነበር።

የቀበሌው መዝገብ

የመጨረሻው ሐሳባቸው ጥናቱ ቀርቶ የተመዘገበው ሥራ ፈላጊ ይደመር የሚል ነው። ይህ ቢሆን ምን እንደሚፈጠር ልብ ብለው ያሰቡበት አይመስለኝም።

ሰው ቀበሌ ሄዶ የሚመዘገበው የሚያገኘው ነገር ሲኖር ነው። በማኅበር ለሚደራጁ ብድር ወይም ሼድ ሊሰጥ ነው ሲባል ሰልፉ ይረዝማል፤ የሥራ ፈላጊ መታወቂያ የሚፈለገውም ያኔ ነው። ወሬው ሲቀዘቅዝ ሰልፉም ይጠፋል። በሁለቱ ወራት መካከል ግን ሥራ ያጣው ሰው አልቀነሰም። ከላይ ያየናቸው ዘበኛው አጎት መዝገቡ ላይ አሉ፤ ሌሊት ሥራ እያላቸው። የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ ከአንዴም ሁለቴ ተመዝግቦ ምንም ስላላገኘ ሦስተኛ ላይሄድ ይችላል፤ የለም። የቤት ሠራተኛዋ ነገ ብትባረር የነዋሪነት መታወቂያ ስለሌላት ጭራሹኑ መመዝገብ አትችልም። በየመንገዱ ዳር አካፋ ይዞ አሠሪ የሚጠብቀው ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛም እንደዚሁ። በቤት ለቤት ጥናት ግን፣ ያደሩበት ቤት በዕጣው ከወጣ፣ መታወቂያ ሳይጠየቁ ይቆጠራሉ።

ከዚያ በላይ ደግሞ መዝገቡ ማን እጅ እንዳለ ማየት ነው። ሥራ ፈላጊውን የሚመዘግበው፣ በዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ቋሚና ይህን ያህል ጊዜያዊ የሥራ ዕድል ፈጠርሁ ብሎ ለበላይ የሚያቀርበውም ያው የሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤት ነው። የሚመዘነው በዕቅድ አፈጻጸሙ ነው። በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት የሥራ ገበያውን ይቀላቀላል በሚባልበት አገር ለጥቂት ወር ድንጋይ ያነጠፈ ልጅ ሥራ ተፈጠረለት ተብሎ ይመዘገባል፤ ድንጋዩ ሲያልቅ ሥራው መዘጋቱን የሚቀንስ ሪፖርት ግን አይቀርብም። መንግሥት የሚያወጣውን ቁጥር አላምንም ብለው ጽሑፋቸውን የጀመሩት ጸሐፊ፣ ያለ ሥራ ማን እንደቀረ እንዲነግረን የመረጡት ይህንኑ ጽሕፈት ቤት ነው።